የአያ ኑሩ አፍ ሆኜ የሠራሁበት ዘመን

ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው። የምትስቁ ካላችሁ ሳቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሥራ ሠርቶ፣ ሁለት አለቃ ተፈራርቆበት፣ አንዴ ክፉኛ አጥፍቶ፣ በመጨረሻ "ከእንግዲህ ውጭ ተቀመጪ" የተባለ ሰው ጡረተኛ ካልተባለ ምን ይባላል? የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ ደግሞ እጄ አላርፍ ብሏል። ስለዚህ ጡረተኞች እንደሚያደርጉት ቁጭ ብዬ የሥራ ዘመኔን ልጻፍ።

ሥራዬ አፍ መሆን ነበር። የአጎቴ አፍ።

አያ ኑሩ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዘንድሮ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከሚሴ ውስጥ ከእኛና ከአባባ ጋር ይኖራል። አባባ የምለው አያቴን ነው፤ ሰንበቴ የከብት ገበያ ላይ ደላላ ነው። እሁድ እሁድ አያ ኑሩ አብሮት ይሄዳል። ፍየል አንዴ አይቶ ክብደቷን ይነግራችኋል። አምና በዚህ ሳምንት ሙክት በስንት እንደተሸጠ ይነግራችኋል። "እንዴት አደርክ?" ካላችሁት ግን ዝም ነው። መልሱ ጠፍቶት አይደለም፤ ጥያቄው በዝቶበት ነው። የኛን አገር ሰላምታ ታውቁት የለ? ደህና ነህ ወይ፣ አካም ጅርታ፣ ቤቱ፣ ልጁ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ እንደገና ደህና ነህ ወይ። አያ ኑሩ መሬት መሬቱን እያየ፣ ዝናብ እስኪያባራ ዛፍ ሥር እንደተጠለለ ሰው፣ ሰላምታው እስኪያልፍ ይጠብቃል።

ነገሩ የተጀመረው ከግቢያችን ጎን ወፍጮ ቤት የተከፈተ ጊዜ ነው። ለእኛ ድምፅ ነበር፤ ለእሱ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ የገባ ነገር ሆነበት። ጆሮውን ይዞ ግድግዳውን በግንባሩ ይመታ ጀመር። መብላት ተወ። ሲጨንቀው የገበያ ዋጋ ለራሱ መደጋገም ልማዱ ነው፤ "ጠቦት ይሄን ያህል፣ ሙክት ይሄን ያህል" እያለ ይረጋጋል። ያን ሰሞን ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋግመው ገባ። ሼኻችን ዱዓ አደረጉለት፤ ራሳቸውም "ሐኪም ይየው፣ ሰበብ ማድረስ ነው" አሉ።

ታዲያ ከእሱ ጋር ማን ይግባ? እማ ልብስ ስፌቷን ትታ መውጣት አትችልም። አባባ ጆሮው ከብዷል፤ ቢሰማም የቢሮ አማርኛ አይመቸውም፣ ልቡ ያለው ኦሮምኛው ላይ ነው። አምስተኛ ክፍል የደረሰች፣ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ የምትናገር፣ አፍ ያላት ልጅ እኔ ነበርኩ።

"ሀያት ትግባ" አለ አባባ። ተቀጠርኩ።

ደመወዜ በየቀጠሮው ሁለት ሳምቡሳ ነበር፤ ጭማሪ አልተደረገልኝም። ወረቀቱም ያው የምታውቁት ነው፤ ካርድ፣ ወረፋ፣ ማህተም። ወደ ሥራው ልግባ።

የመጀመሪያውን አለቃዬን፣ አያ ኑሩን የሚመረምረውን ባለሙያ፣ ባለ መነጽሩ እለዋለሁ። የሱንም ሆነ የሕክምና ክፍሉን ስም አልጽፍም፤ ክፉ ሰው አልነበረምና። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ይጠብቀዋል፤ ለአንዱ ያለው ጊዜ ሻዩ እስኪበርድ እንኳ አይደርስም። እስክሪብቶውን ቀጭ ቀጭ እያደረገ ሦስት ጥያቄ ባንዴ ይለቃል፤ "እንቅልፍ እንዴት ነው፣ ምግብስ፣ ብቻውን ማውራቱስ?" አያ ኑሩ ስለ እንቅልፍ ሲያስብ ሰውየው ብቻውን ማውራቱ ላይ ደርሷል። ከዚያ ወደ እኔ ይዞራል።

"እሺ ሚጢጢ፣ እንዴት ነው?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው።"

ይህ መልስ እኛ ጋ መልስ አይደለም፤ በር ነው። ሰው መጀመሪያ አልሐምዱሊላህ ይላል፤ ቁጭ ብሎ ትንሽ ከቆየ በኋላ ነው "ብቻ ይሄ ወገቤ..." የሚለው። ባለ መነጽሩ ግን ከሩቅ የመጣ ሰው ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ "ደህና" ብሎ ጽፎ ተመለሰ። እኔም "ይግቡ" አላልኩትም።

እንዲያውም እውነቱን ልናገር፣ በሩን ቀለም ስቀባ ነበር። አያ ኑሩ "ሰውየው ሽቶው ያማል" ሲል "አጎቴ አላህ ይስጥልኝ ይላል" እላለሁ። "ልሂድ" ሲል "ጊዜዎን እንዳንሻማ ብሎ ነው" እላለሁ። ኮሪደር ያሉት እናቶች ራሴን እየደባበሱ "ማሻአላህ፣ ምን ያለች አንደበተ ርቱዕ ናት!" ይሉኛል። በኩራት ላብጥ ምንም አልቀረኝም። ዋጋ መደጋገሙ "ብቻውን ያወራል" ተብሎ ተጻፈና ኪኒን ታዘዘለት። ልማዱ እንደሆነ ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እኔ ግን ሥራዬ እሱን ጥሩ ሰው አስመስሎ ማቅረብ መስሎኝ ነበር።

ኪኒኑን ከጀመረ ትንሽ ቆይቶ አያ ኑሩ መቀመጥ አቃተው። ግቢውን ይዞራል። ምሳ ቆሞ ይበላል፤ ቆሞም እግሩን ያፈራርቃል። በቀጠሯችን ቀን ገባን፤ ባለ መነጽሩ በሩን ገርበብ አድርጎ ኮሪደር ካለ ሰው ጋር ያወራል። ያኔ አያ ኑሩ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳይጠየቅ ተናገረ።

"እግሬ ውስጥ ጉንዳን አለ።"

ባለ መነጽሩ ዞረ። "ምን አለ?" አለኝ።

በሩ ክፍት ነው። ጎረቤታችን ሳትቀር ወረፋ ላይ ተቀምጣለች። እግሬ ውስጥ ጉንዳን አለ ብዬ ብናገር አለቀለት፣ ከሚሴ በሙሉ ኑሩ አበደ ይላል፣ ኪኒንም ይጨመርበታል ብዬ አሰብኩ። ይህን ሁሉ ለማሰብ የፈጀብኝ የዓይን ጥቅሻ ነው። "መራመድ ይወዳል። ደህና ነኝ ነው የሚለው" አልኩ።

አያ ኑሩ አየኝ። የሰው ዓይን የማያይ ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ፊቱን መለሰ፤ ለአምስት ወር እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልወጣውም። ኪኒኑም ተጨመረ፤ እረፍት የለውም ተብሎ።

አንድ ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ አያ ኑሩ ቤት የለም። አባባ ወፍጮ ቤቱን፣ መስጊዱን፣ መናኸሪያውን አሰሰ። ከጨፋ ሮቢት አንድ የሚያውቀን እህል ነጋዴ ደወለ፤ "ኑሩ በዚህ አለፈ፣ ብንጠራው አልቆመም፣ እግሩ እየደማ ነው።" ወዴት እንደሚሄድ የገባው አባባ ነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሰንበቴ የከብት ገበያው ሜዳ ላይ አገኘነው። የገበያ ቀን ስላልነበረ አንድም ከብት፣ አንድም ሰው የለም። ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ይዞራል። አንድ እግሩ ጫማ የለውም።

"ኮቱ ኑሩ፣ ኮቱ" እያለ አባባ ተጠጋው፤ ና ማለቱ ነው። መጣ። ቆሞም ግን እግሩ አልቆመም።

"ጉንዳን" አለ።

እማ ወደ እኔ ዞረች። "የምን ጉንዳን?"

ነገርኳት። እዚያው ሜዳ ላይ፣ ሁሉንም።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አባባ ተናገረኝ። ጆሮው ስለከበደ ቀስ ብሎ መናገር አይችልም፤ ተሳፋሪው በሙሉ ሰማ። አስቀድሜ ነገሩን ላስረዳችሁ። ሰንበቴ ላይ የከብት ዋጋ በአፍ አይነገርም፤ ከአፋር የመጣው ሻጭና ከደጋ የመጣው ገዢ ተራ በተራ የደላላውን እጅ ፎጣ ሥር ይይዛሉ፤ ዋጋው የሚነገረው በጣት ነው፤ ከበው የቆሙት አያዩም። ደላላው የያዘውን ለሌላኛው ያደርሳል።

"ሀያት! እኔ ስንት ዘመን ደላላ ነኝ! ሻጭ ሦስት ጣቴን ከያዘኝ ለገዢ ሦስት ነው የምይዝለት። አራት ቢሆን ያምራል ብዬ አራት አልይዝም። እንዲያ ያደረግኩ ቀን ማን እጁን ይሰጠኛል? አንቺ ማን ነሽና የልጄን ጣት ትቀንሻለሽ?"

አንድ ሽማግሌ ከኋላ ወንበር "ልጅ ናት፣ ይተዋት" አሉ። አባባ አልሰማቸውም። እኔም ባይሰማቸው ይሻላል አልኩ። ልክ ነበራ።

ወደ ሕክምናው ስንመለስ ባለ መነጽሩ ተዛውሮ ነበር። በቦታው የተቀመጠችው ሲስተር ዘሀራ ናት፤ የባቲ ልጅ፣ አጭር፣ ከትልቅ ቦርሳዋ ጋር ሁለት ሰው የምትመስል። ሥራ የተማርኩት ከእሷ ነው።

"አሰላሙ ዓለይኩም" አለች፤ አንዴ ብቻ፣ ማንንም ሳታይ። ተነስታ በሩን ዘጋች። ጣራው ላይ የሚንጫጫውን ማራገቢያ አጠፋች። ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች፤ ሦስታችንም የሆነ ነገር የምንጠብቅ ይመስል ወደ ውጭ ማየት ጀመርን።

"ኑሩ፣ እግርህ እንዴት ነው?"

አፌን ከፈትኩ። መዳፏን አነሳች።

"አንቺን አልጠየቅኩም፣ የኔ እናት።"

ዝም አልን። እኔ እንዲህ ያለ ዝምታ አላውቅም። ውጭ ባጃጅ መጣ፣ ሰው አወረደ፣ ከሂሳብ ተጨቃጨቀ፣ ሄደ። ሲስተር ዘሀራ ንቅንቅ አላለችም።

"ጉንዳን" አለ አያ ኑሩ።

ጻፈችው። እንዳለው። ከዚያ አነበበችለት። "ጉንዳን። ሌላ የምጨምረው አለ?"

"እግር ውስጥ። ውስጥ ውስጡን።"

ይህንንም ጻፈች። ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ መቼ ነው መጀመሪያ የሰማሽው?" ማልቀስ ጀመርኩ፤ እያለቀስኩ ነገርኳት። አይዞሽ አላለችኝም። "ስንት ወር ይሆናል?" አለች። "አምስት።" "እሺ፣ እሱንም እጽፋለሁ" ብላ ጻፈች። ከዚያ ለአያ ኑሩ፣ አሁንም በመስኮቱ በኩል፣ "ይሄን የሚያመጣው መድኃኒቱ ነው። ሌሎችም ላይ አይተነዋል። የሚነግረን ካለ ቀላል ነው፤ ለዶክተሩ አስረድቼ ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን" አለችው።

የሚነግረን ካለ። ይህችን ቃል እስካሁን አልረሳኋትም።

ኪኒኑ ቀስ በቀስ ተቀነሰ፤ በኋላም በሐኪም ትእዛዝ ቆመ። ከዕለታት አንድ ቀን አያ ኑሩ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዝም ብሎ ተቀመጠ፣ በላ፣ ጨረሰ፣ አሁንም እንደተቀመጠ ነው። እማ የያዘችውን መቀስ ጣለች። እንዳይነሳ ፈርተን ሳህኑን እንኳ አላነሳንም።

የሲስተር ዘሀራን ልማድ ብዘረዝር ደብተሬ አይበቃም። አንድ ጥያቄ ጠይቃ ትጠብቃለች፤ ስትጠብቅ የእጅ ሰዓቷን አታይም። የሰውን ቃል በራሷ ቃል አትለውጥም። ሽቶ አትቀባም። ቀጠሮ የሚለወጥ ከሆነ አስቀድማ በወረቀት ጽፋ ትልካለች፤ አያ ኑሩ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። እኔን ደግሞ መድኃኒት ቤቱ ድረስ እየላከች ታሠለጥነኛለች። "ለመድኃኒት ሰጪዋ ምን ብለሽ ነገርሻት?" "አጎቴ ሰላም ያላለዎት ንቆዎት አይደለም አልኳት።" "አሳመርሽው?" "አላሳመርኩም!" "እሰይ።"

አንዳንድ ቀን ግን አያ ኑሩ ቃል ፈጽሞ አይወጣውም። መስኮት ማየትም አይረዳም። አንድ ቀን ሲስተር "ገበያ ላይ ከሰው ጋር እንዴት ነው የሚሠራው?" አለችኝ።

"ፎጣ ሥር ነዋ! በጣት። እዚያ እኮ ማንም ተናገር አይለውም፣ ማንም ፊቱን አያየውም። አፋሮቹ ከአባባም ይልቅ እሱን ይመርጡታል።"

ሲስተር ዘሀራ ሳቀች። "እኔ የባቲ ልጅ ሆኜ ይሄ ሳይመጣልኝ! ግን እኔ የእሱን እጅ አልይዝም፤ ለእሱም ለእኔም አይሆንም። አንቺ የእህቱ ልጅ ነሽ። አባባን ፎጣ ተዋሺ።"

በሚቀጥለው ቀጠሮ የአባባን አረንጓዴ ፎጣ ይዘን ገባን። ሕጉን አያ ኑሩ ራሱ አወጣ፤ አንድ ጣት ቀላል ነው፣ ሙሉ እጅ የማይቻል ነው፣ የተጨበጠ እጅ ምንም ነው። ሲስተር ትጠይቃለች፤ እሱ ፎጣ ሥር ጣቴን ይይዛል፤ እኔ ቁጥሩን ብቻ እናገራለሁ።

"ወፍጮው?"

"አምስት።"

"ምግብ?"

"አንድ።"

"እንቅልፍ?"

"ሁለት።"

ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ ሳትቀንስ ሳትጨምር፣ "መኖር አስጠልቶህ ያውቃል?" አለችው።

እጁ ቆየ። ከዚያ ሦስት ጣቴን ያዘ።

ወላሂ፣ አንድ ልል ነበር። ምላሴ ላይ ነበረች። ለእማ ምን እላታለሁ? ይሄ ተጽፎ ይቀራል እኮ! ከዚያ ሚኒባሱ ውስጥ የጮኸው አባባ ትዝ አለኝ።

"ሦስት" አልኩ።

"መቼ?" አለች ሲስተር።

አያ ኑሩ ራሱ፣ በአፉ፣ "ጉንዳኑ እያለ" አለ።

"አሁንስ?"

ጣቶቼን ለቀቀ፤ እጁን ጨበጠ። "ምንም" አልኩ። ይህን ያልኩበት ድምፅ ግን እንደ ሬዲዮ አልነበረም።

ሲስተር ያን ጊዜ ነው ወደ ደሴ ሪፈር ያጻፈችልን። እዚያ ያለው ሐኪም ረጅም ጊዜ ወስዶ፣ እማን ስለ ልጅነቱ ጠይቆ፣ ኦቲዝም ነው አለ፤ በኋላ የመጣበት በሽታ ሳይሆን ከልጅነቱ ጀምሮ አእምሮው ዓለምን የሚቀበልበት መንገድ። ቤት ስንደርስ አባባ ጠበቀን።

"መድኃኒት ሰጡት?"

"አልሰጡትም አባባ።"

"ታዲያ ምን ሰጡት?"

"ስም!"

"ማሊ? ምን አልሽ?"

"ስም! ነገሩ ስም አለው አሉ!"

አባባ አሰበበት። "ካለው ጥሩ። ወፍጮው ግን አሁንም ይጮሃል" አለ። በማግስቱ ግንበኛ ጠርቶ የአያ ኑሩን መኝታ ወደ ግቢው ማዶ አዛወረው። እንዲህ ነው አባባ ነገር የሚገባው።

ወደ ጡረታዬ ልምጣ። ዘንድሮ ሲስተር ዘሀራ ልትዛወር ሆነ። ለአያ ኑሩ ከሦስት ወር በፊት ነው የነገረችው፤ በወረቀት፣ ከሚተካት ነርስ ፎቶ ጋር። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። አዲሱ ሰው እንደ ባለ መነጽሩ ቢሆንስ? "ደህና ነው" ብሎ ጽፎ ቢያልፍስ? ስልጠናዬን ሁሉ በልቤ ከለስኩ። የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ፎጣውን አጣጥፌ በሩ ላይ ስጠብቅ አያ ኑሩ ወጣ፤ ፎጣውን ከእጄ ወስዶ ትከሻው ላይ ጣለው።

"ብቻዬን" አለ።

"ማለት... ኮሪደር ድረስ ልምጣ?"

አሰበ። "ኮሪደር።"

ገባ፤ በሩ ተዘጋ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ወዲያው በሩ ተከፈተና አዲሱ ነርስ አንገቱን አወጣ። ወጣት ነው፤ ደግ ፊት አለው፤ ችኩልም ይመስላል።

"የኑሩ ቤተሰብ ማን ነው? አንቺ ነሽ? እስቲ ግቢና አስረጂኝ፣ ወረቀት ሰጥቶኝ ዝም አለ።"

ተነሳሁ። የስድስት ዓመት ቃል አፌ ውስጥ ተሰለፈ። ስለ ወፍጮው፣ ስለ ጉንዳኑ፣ ስለ ደሴው፣ ሁሉንም በሁለት ደቂቃ፣ በሚያምር አማርኛ ልለው እችል ነበር። ከዚያ የሲስተር ዘሀራ መዳፍ ታየኝ።

"እሱን ይጠይቁት" አልኩ። "ዝም ካለ ይጠብቁት። ወረቀቱንም ያንብቡት።" ተመልሼ ተቀመጥኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የከበደኝ ሥራ የለም።

በሩ ተዘጋ። ምንም አይሰማም። ቆየ። አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት በሩ ላይ ጆሯቸውን ጣሉ።

"ልጄ፣ ውስጥ ሰው የለም እንዴ? ምነው ጭጭ አሉ?"

"አለ እናቴ፣ እያወሩ ነው" አልኳቸው። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። እሳቸው "እንጃ ያንቺ ነገር" በሚል ዓይን አዩኝ።

አያ ኑሩ ሲወጣ ወረቀቱን ሰጠኝ። በራሱ እጅ፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ነው። "ስሜ ኑሩ ነው። አንድ ጥያቄ ይጠይቁኝ፣ ከዚያ ይጠብቁ። እስክሪብቶ ቀጭ ቀጭ አይደረግ። አልሐምዱሊላህ ካልኩ እንደገና ይጠይቁኝ። ወፍጮ ሦስት፣ እንቅልፍ አንድ፣ ጉንዳን የለም። ውጭ ያለችው ሀያት ናት። ጥሩ ልጅ ናት። እሷን ግን አይጠይቁ፣ ታሳምራለች።"

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳቅሁ፤ አሮጊቷ አሁን በእርግጥ ለማን እንደመጣን ተጠራጠሩ። ከዚህ የተሻለ የጡረታ ወረቀት የተሰጠው ሰው ካለ ያሳየኝ። "አያ ኑሩ፣ አሁንም አሳምራለሁ?" አልኩት። መልሱ የመጣው ሳምቡሳ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ነው።

"ትንሽ።"

ሁለት ሳምቡሳ ገዛልኝ። ከዚያ ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ እጁ ላይ ጣለውና ዘረጋልኝ። ቀጠሮው እንዴት ነበር ብዬ አልጠየቅሁትም፤ እጄን ብቻ ሰደድኩ። አንድ ጣቴን ያዘ።

ቤት ስንገባ እማ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ አባባ መዳፉን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ሁለቱም ወደ እኔ አዩ። "እህስ?"

"አንድ" አልኩ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።